የባላምባራስ ይግለጡ አውራ ዶሮ

ባላምባራስ ይግለጡ አገሬውን ወክለው ሦስት ጊዜ ፓርላማ ገብተዋል። ፊደል ያልቆጠረ መራጭም እንዲለያቸው የምርጫ ምልክታቸው አውራ ዶሮ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን ለመናገር ከወንበራቸው የተነሡት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም «ብርድ ገባ፣ መስኮቱ ይዘጋ» ለማለት። የአገሬው ወንዝ ድልድይ እንደናፈቀ ቀረ።

ለአራተኛው ምርጫ በዐቢይ ጾም ማለቂያ መጡና ገበያ መሃል ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ራሳቸውን ሲያወድሱ አረፈዱ። አንዲት ሸክላ ሻጭ ማሰሮዎቿን ደርድራ ትሰማለች። ያን ወንዝ ማሰሮ ተሸክማ የምትሻገረው እሷ ናት፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ስንቱን ሰብሮባታል። ምላሷ እንደማያርፍ ባላምባራስ ሰምተዋልና ቀድመው አፏን ሊያስይዟት አሰቡ።

«አንቺ ሴት!» አሏት፤ «በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተናገሪ። በአሥራ ሁለት ዓመት ፓርላማ ውስጥ አንድ ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቷል? ወጥቷል ካልሽ መስክሪ፤ አልወጣም ካልሽ እልል ብለሽ ምረጪኝ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«ኧረ ጌታዬ፣ ክፉ ቃልስ አልወጣዎትም» አለች። ባላምባራስ ፈገግ አሉ።

«መምረጡም አይቸግረንም፤ ፋሲካም ደርሷል። ብቻ በእኛ ቤት የሚጮኸውን አውራ ዶሮ ለቆጡ እናስቀረዋለን፤ ለበዓል የምንመርጠው የማይጮኸውን ነው።»