የወንዙ ዳር ችግኞች

አንድ የቆዳ ፋብሪካ ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ ሲለቅ ኖሮ፣ ፍርድ ቤት ወንዙን እንዲያጸዳና ዳርቻውን በዛፍ እንዲሸፍን ፈረደበት። ሥራ አስኪያጁ ወንዙን ሳይነካ፣ ዳኛው ሊጎበኙ በሚመጡበት ዋዜማ ሦስት መቶ ችግኝ አስተከለ። ከዚያም ወንዙ ዳር ጎመን የምታመርተውን ሴትዮ አስጠራ።

«ነገ ዳኛው ሲጠይቁሽ ችግኞቹ ተመችቷቸዋል በይ። ጎመንሽ ያለበት መሬት የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ» አላት፣ ወንዙ ዳር ቆሞ ከፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ እየተጎነጨ።

«እንዳሉ ጌታዬ» አለችው።

በማግስቱ ዳኛው «እናቴ፣ ችግኞቹ እንዴት ናቸው?» ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አንዱን ሳበችው። ከችግኝ ጣቢያ ከመጣበት ፕላስቲክ ጋር ወጣ። ሌላም ሳበች፤ እሱም ከነፕላስቲኩ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና «የሠራተኞች ስህተት ነው» አለ።

«ኧረ ስህተትስ የለበትም፣ ክቡር ዳኛ» አለች ሴትዮዋ። «ችግኞቹ እንደታዘዝኩት በጣም ተመችቷቸዋል። ወንዙን ሲያዩት ጊዜ ነው ከፕላስቲካችን አንወጣም ያሉት። ደግሞም አይፈረድባቸውም፤ ያስተከሏቸው ጌታዬ ራሳቸው ወንዝ ዳር ቆመው የሚጠጡት ከፕላስቲክ ነው።»