ከሉባባ ጉሮሮ አልወጣም ያለው እልልታ

ተረቴ መጣች፤ ወንበር ስጧት፣ ጆሯችሁንም አውሷት።

ከደሴ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሉባባ የምትባል ሴት ነበረች። እኔ ሰው ማድነቅ አልወድም፤ ሰው ሲያደንቁት ይበላሻል። ሉባባን ግን አደንቃለሁ። እልልታዋ ከዳገቱ ተነስቶ ቁልቁል መናኸሪያው ድረስ ይሰማል። ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው «ዛሬ ደግሞ ማን ተዳረ?» ይባባላሉ። ሉባባ እልል ያላለችበት ሠርግ ጨው የጎደለው ወጥ ነው።

ታዲያ የጎረቤቷ የሸምሲያ ልጅ፣ ሪሃና፣ ልትዳር ሆነ። ሪሃና ስትወለድ መጀመሪያ እልል ያለችላት ሉባባ ናት። አሁንም የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ልጅቱ ከእናቷ ቤት ስትወጣ አንድ ረጅም እልልታ ማሰማት። ጓዳ ገብታ ሞከረችው። «እል…» አለችና ቆመባት። ግድግዳውን ተደግፋ አለከለከች።

«ውጣ እንጂ! ምን ሆነሃል?» አለችው እልልታዋን።

እልልታም «አልወጣም፤ ትንፋሽ አጥሮኛል» አለ።

ሉባባ ደነገጠች። «ልጅቱ በእልልታዬ ወደዚህ ዓለም ገብታ፣ ከእናቷ ቤት በዝምታ ትውጣ?» አለችና ትንፋሿን ጠየቀችው፤ «አንተስ ምን ጎደለህ?» ትንፋሽ የጎደለውን አያውቅም። የሰፈሩ ሴቶች ግን ሁሉን ያውቃሉ። አንዷ «ካልሲየም ነው» አለች። ሌላዋ «ኧረ ቫይታሚን ነው! እህቴ ቢጫውን ክኒን ውጣ ድና የለም ወይ?» አለች። ሦስተኛዋ ዚንክ ነው አለች፤ ከየት እንደሰማችው አላህ ይወቅ። ሉባባም የሰው ምክር አትጥልም፣ ቢጫውንም ነጩንም በግምት ዋጠችው። ትንፋሽ አልረዘመም፣ እልልታም አልወጣም።

ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር አልጋነሽ በግምት የምትሠራ ሴት አይደለችም፤ ይቺንም አደንቃታለሁ፣ ዛሬ እጄ ተፈቷል። የሉባባን የዓይን ሽፋን ገልጣ አየች፣ መዳፏን አየች፣ ደሟን አስመረመረች። ደሟ አንሶ ቢገኝ፣ ለምን እንዳነሰም ሌላ ሌላውን አስመረመረች፤ ክፉ ነገር አልተገኘም።

«እትዬ ሉባባ፣ የጎደለዎት ቢጫውም ነጩም አይደለም። ብረት ነው የጎደለዎት፤ ደምዎ አንሷል» አለችና የብረት ክኒን ሰጠቻት። «እነዚያን የግምቶቹን ይተዉአቸው።»

ያኔ ትንፋሽ አፍ አወጣ። «አልረዝምም፤ ደም ሳስቶብኛል» አለ። ደምም ተከተለ፤ «አልደምቅም፤ ብረት ቀርቶብኛል።»

እንግዲህ እልልታ አልወጣም አለ፣ ትንፋሽ አጥሮት። ትንፋሽ አልረዝምም አለ፣ ደም ሳስቶበት። ደም አልደምቅም አለ፣ ብረት ቀርቶበት። ሠርጉ ግን እየቀረበ ነው።

ሉባባ ክኒኑን አንድም ቀን ሳታስታጉል ዋጠች። ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው። መሐሉ ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ሳትል ቤቷ አትደርስም። ሴቶቹ ደግሞ መጡ። «ሁለት ሁለት ዋጪው!» አሏት። ደግነቱ ይህን ሳታደርግ ሲስተር ዘንድ ተመለሰች።

ሲስተር አልጋነሽ አልተቆጣችም፣ ክኒንም አልጨመረች። ጠየቀች እንጂ።

«በምንድን ነው የሚውጡት?»

«በሻይ በወተት ነዋ! ሸምሲያ ጠዋት ጠዋት በፔርሙዝ ታመጣልኛለች። ክኒን ሆድ ይጎዳል፣ ወተት ያስፈልገዋል ብላ።»

ሲስተር ሳቀች። «አገኘሁት! ሻይም ወተትም ብረቱን በር ላይ ያስቀሩታል። ክኒኑ ሆድዎ ይደርሳል፣ ወደ ደም የሚያልፈው ግን ጥቂት ነው።»

ብረትም ከክኒኑ ውስጥ ጮኸ፤ «እኔማ መጥቼ ነበር! አልገባም፤ ሻይ በወተት በር ዘግቶብኛል።»

እልልታ አልወጣም አለ፣ ትንፋሽ አጥሮት። ትንፋሽ አልረዝምም አለ፣ ደም ሳስቶበት። ደም አልደምቅም አለ፣ ብረት ቀርቶበት። ብረት አልገባም አለ፣ ሻይ በወተት በር ዘግቶበት። ሠርጉ ግን እየቀረበ ነው።

«ቀላል ነው» አለች ሲስተር። «ክኒኑን ጠዋት በውሃ ይዋጡት፣ ሎሚ ጨመቅ አድርገውበት። ሻይ በወተቱን ከሰዓት በኋላ ይጠጡት።»

ሉባባ አቀረቀረች። «ቀላልስ አይደለም። ሸምሲያ ብርጭቆውን እስክጨርስ አጠገቤ ቆማ ‹አፈር ስሆን!› ትለኛለች።»

ሻይ በወተትም «አልነሳም፤ ‹አፈር ስሆን› ይዞኛል» አለ። ‹አፈር ስሆን›ም «አልለቅም፤ ይሉኝታ አስሮኛል» አለ።

ሲስተር አልጋነሽ መድኃኒት መደርደሪያዋን ዞራ አየችው። «ለይሉኝታ የሚሆን ክኒን የለኝም፣ እትዬ። መፍቻው እርስዎ አፍ ውስጥ ነው።»

እንግዲህ ቆጥራችሁ ያዙልኝ፤ እኔ ትንፋሽ ሊያጥረኝ ነው። እልልታ አልወጣም አለ፣ ትንፋሽ አጥሮት። ትንፋሽ አልረዝምም አለ፣ ደም ሳስቶበት። ደም አልደምቅም አለ፣ ብረት ቀርቶበት። ብረት አልገባም አለ፣ ሻይ በወተት በር ዘግቶበት። ሻይ በወተት አልነሳም አለ፣ ‹አፈር ስሆን› ይዞት። ‹አፈር ስሆን› አልለቅም አለ፣ ይሉኝታ አስሮት። ሠርጉ ግን እየቀረበ ነው።

በማግስቱ ሸምሲያ ፔርሙዟን አቅፋ መጣች። «ገና አልዋጥሽም? ነይ፣ ሳይበርድ! አፈር ስሆን!»

ሉባባ ክኒኑ በመዳፏ፣ ሎሚ ውሃው በሌላው እጇ ነው። ሺህ ሰው ፊት ስትጮህ የማትፈራ ሴት አንዲት ጎረቤቷን ፈራች። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ሻዩን ጠጥቼ ዝም እል ነበር።

«ሸምሲያ፣ እንዳይከፋሽ… ሻይ በወተትሽ ነው ክኒኑን አላሳልፍ ያለው» አለች።

ሸምሲያ ፔርሙዙን መሬት ላይ አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ላሜ ልትነጥፍ ነው፤ ከልጆቼ አፍ ቀንሼ ነው እኮ የማመጣልሽ! ለሪሃና ሠርግ እንድትበረቺልኝ ብዬ። ለካ እልልታሽን የዘጋሁት ራሴ ነኝ? ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ?»

«‹አፈር ስሆን› እያልሽኝ ምን ልበል? ለአፈር ልስጥሽ?»

ሸምሲያ እያለቀሰች ሳቀች። ሉባባም ሳቀች። ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው ሲስቁ፣ ፔርሙዙ ብቻውን ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲያ ሸምሲያ ጠዋት ሎሚ ይዛ ትመጣለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ላሟ በሰጠችው ልክ፣ ሻይ በወተቱን አብረው ይጠጡታል። ጠላት አልነበረማ፤ ያለቦታው ነበር የተቀመጠው። ነገሩ በአንድ ጀንበር አልሆነም። ቢሆንም አንድ ቀን ሉባባ ዳገቱን ስትወጣ ያችን ማረፊያ ድንጋይ ሳታያት አለፈቻት።

ሠርጉ ደረሰ። መኪናው ተሸልሞ ቆሟል፣ ሙሽራው ላቡን ይጠርጋል፣ ሪሃና ግን ደፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«አልወጣም!» አለች። «የእትዬ ሉባባን እልልታ ሳልሰማ አልወጣም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሉባባ ዞረ። ከዚያች ከጓዳዋ ቀን ወዲህ አልሞከረችውም፤ እንዳይሰበርባት ፈርታ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ይሉኝታ ተፈትቷል፣ ‹አፈር ስሆን› ለቋል፣ ሻይ በወተት ከበር ተነስቷል፣ ብረት ገብቷል፣ ደም ደምቋል፣ ትንፋሽ ረዝሟል፣ እልልታም ወጣ! ከዳገቱ ተነሳ፣ በጣሪያዎቹ ላይ አለፈ፣ መናኸሪያው ገባ። ሾፌሮቹ ሞተር አጠፉ። ሪሃናም በዚያ እልልታ ስር ደፉን ተሻግራ ወጣች።

እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ?

ሸምሲያ ልጇን በዓይኗ እየሸኘች የሉባባን ክንድ ጨበጠች። «ድገሚልኝ» አለቻት፤ «አፈር ስሆን!»

ሉባባ ይቺን ‹አፈር ስሆን› በደስታ ተቀበለቻት። ደገመችው።

ተረቴ ጠግባ ሄደች፤ ወንበሯን ለመጪው እንግዳ አቆዩልኝ።