እልል ያለችው ሴትዮ

አንዲት ሴትዮ ንስሐዋን ጨርሳ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ ደስታዋን መያዝ አቅቷት መንገዱን ሙሉ እልል ትላለች። የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ አጥናፉ ገራፊያቸውን አስከትለው ሲያልፉ ሰሟትና በቅሏቸውን አቆሙ፤ «አንቺ፣ ኃጢአተኛ ይንቀጠቀጣል እንጂ እልል ይላል? ለመሆኑ አብልጠሽ የምትፈሪው ማንን ነው፣ እኔን ወይስ እግዜርን? እኔን ካልሽ ክህደት ነው፣ እሱን ካልሽ ንቀት ነው። ሁለቱም ያስገርፋል» አሏት።

«እርስዎን ነዋ ጌታዬ» አለች። «እርስዎ መጡ ሲባል ዶሮዬን አልጋ ስር እደብቃለሁ። እሱ ግን ጉዴን ሁሉ እያወቀ ልጄ ብሎ ይቀበለኛል፤ በዓሉ ሲደርስ ዶሮዋን ራሴ አውጥቼ ጎረቤት እጠራለሁ።»

ፊታውራሪ ሳያስቡት ሳቁ፤ ገራፊውንም በእጃቸው መለሱት።

«አሁንስ ዶሮዋ የት ናት?» አሏት።

«እርስዎ እዚህ ቆመው የት ትሆናለች ጌታዬ?»