ጋሽ ወንድይራድ የከሰሱት እጅ

በእኛ ሰፈር የምንላት አንዲት አባባል አለች። አራት ቃል ብቻ ናት። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሲሰማት ምላሳችን ተሳስቶ አንድ ነገር የደገምን ይመስለዋል። ታሪኳን ሲሰማ ግን ይስቃል። አባባሏን ያመጡት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። በሕይወት መኖራቸው ራሱ የታሪኩ ግማሽ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2012 ክረምት፣ ኮሮና በገባበት ዓመት፣ እዚሁ ደሴ ነው። ጋሽ ወንድይራድ ከመንገድ ሥራ ፎርማንነት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ የሳንባ ሕመምተኛ ስለሆኑ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ «ብርድና እርጥበት እንዳያገኝዎት። ይህ አዲሱ በሽታ ከያዘዎት ደግሞ ሳንባዎ አይችለውም» ብሏቸው ነበር።

ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን የመኝታ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ኮርኒሱ ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተንዘረጠጠና በእትዬ ጽጌ አልጋ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። አልጋውን ወደ ሳሎን ቢያወጡት ሳሎኑም አፈሰሰ። ጋሽ ወንድይራድ ጨነቃቸው። ጣሪያውን የሚሠራ ሰው ካልገባ እርጥበቱ ሚስታቸውን ይገድላል፤ ከገባም በሽታውን ይዞ ይገባ ይሆናል። ሁለት ቀን ባልዲ ሲገለብጡ ሰነበቱና በሦስተኛው ቀን የቆርቆሮ ሠራተኛውን እንድሪስን በስልክ ጠሩት።

እንድሪስ መሰላሉን ተሸክሞ፣ አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኖ መጣ። ጋሽ ወንድይራድ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉለት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ክርኑን እያጋጨ ነበር ሰላም የሚባባለው፤ እሳቸው ግን «በክርን ሰው ይገፋል እንጂ ሰላም አይባልም» ብለው እምቢ ብለዋል።

እንድሪስ አልጨበጣቸውም። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሁለት እርምጃ ሸሸ።

«ምነው? እጄ ላይ እባብ አየህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ የሚያሰጋው የእኔ እጅ ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ።»

«አባትህ ሰይድ በዚህ በር ሲገባ ሦስቴ ነበር የሚስመኝ!»

«አላህ ይዘንለትና እሱ እንዲህ ያለ ዘመን አላየም።»

በዚህ መሐል ከውስጥ ሳል ተሰማ። እንድሪስ መሰላሉን አወረደ።

«ማን ነው የሚያስለው?»

«ባለቤቴ ናት። ደረቷን ትንሽ ያማታል።»

«ትንሽ?» አሉ እትዬ ጽጌ ከውስጥ። «ሁለቴ ተገንዤ የተፈታሁ ሴትዮ ነኝ፣ ትንሽ ይለኛል!»

እንድሪስ አልሳቀም። «እንግዲያው እሳቸው እዚህ እያሉ አልገባም። እኔ እስክጨርስ ማድ ቤት ይቆዩ። በርና መስኮቱ ሁሉ ይከፈት። እርስዎም ጋሼ፣ አብረውኝ አይግቡ። የሚሉኝ ነገር ካለ ከመስኮት ይንገሩኝ።»

«በገዛ ቤቴ ከመስኮት?»

«ከመስኮት። አብሽሩ፣ እሰማዎታለሁ።»

ሌላ ሠራተኛ ቢያገኙ ኖሮ ጋሽ ወንድይራድ ያንጊዜውኑ ያባርሩት ነበር። ነገር ግን ሰማዩ በጦሳ ተራራ በኩል ጠቁሯል። እትዬ ጽጌ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጓሮ በር ወጡ። ወደ ማድ ቤት ሲሻገሩም ራቅ ብለው ቆሙና፣ «አንተ ልጅ፣ ባሌ በአርባ ዓመት ከቤቴ ሊያስወጣኝ አልቻለም፤ አንተ በአንድ ቃል አስወጣኸኝ» አሉት። ይሄኔ እንድሪስ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። የረጠበውን ኮርኒስ አወረደ፣ የበሰበሱትን የእንጨት ሞራሌዎች በአዲስ ቀየረ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የዛጉትን ሁለት ቆርቆሮዎች ነቅሎ ሌላ መታ። ጋሽ ወንድይራድ ግን ፎርማን ናቸውና እጃቸውን አጣጥፈው መቆም አልሆነላቸውም። መሰላል ሊይዙ ሲጠጉ፣ «ይራቁ ጋሼ፣ በድንጋይ አስደግፌዋለሁ» ተባሉ። ሚስማር ሊያቀብሉ ሲሉ፣ «መሬት ላይ ያስቀምጡልኝ፣ አነሳዋለሁ» ተባሉ። በመጨረሻ መስኮቱ ላይ ተደግፈው «ወደ ግራ! ወደ ግራ ነው ያልኩህ!» እያሉ መጮህ ብቻ ቀረላቸው።

የባሰው ምሳ ላይ መጣ። ጋሽ ወንድይራድ ሽሮ ወጥ በትልቅ ሰሃን አስደርገው ራሳቸው ይዘው መጡ። በቤታቸው ሠርቶ ከእሳቸው ጋር ሳይበላ የሄደ ሰው የለም።

«ና ቁጭ በል። ፍልሰታ ነው፣ ሥጋ የለበትም። ሃይማኖት አያጣላንም።»

«ሃይማኖትማ መቼ አጣልቶን ያውቃል ጋሼ። የእኔን ለብቻ ያድርጉልኝና ግንቡ ላይ አስቀምጠውልኝ ይራቁ።»

«አስቀምጬ ልራቅ? እንዲህ የሚደረገው ለውሻ ነው!»

«ለውሻም ይሁን፣ እኔ እበላዋለሁ። ርቦኛል።»

ጋሽ ወንድይራድ ሊያጎርሱት ብለው የጠቀለሉት ጉርሻ እጃቸው ላይ ነበር። ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ቢቸግራቸው ራሳቸው ጎረሱት።

እንድሪስ በአሥር ሰዓት ጨረሰ። የነካውን የበርና የመስኮት እጀታ ሁሉ በበረኪና ወለወለ። «ቤቱ እስኪመሽ ይናፈስ፣ እትዬ ቶሎ አይግቡ» ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልገባችም።

ጋሽ ወንድይራድ ግን ጣሪያውን ቀና ብለው አላዩትም። በማግስቱ ጧት ለዕድሩ ጸሐፊ ለአቶ ልሳኑ ደወሉ። የዕድሩ ስብሰባ በበሽታው ምክንያት ስለተቋረጠ ክስና አቤቱታ በስልክ ነበር የሚመዘገበው። እንድሪስም የዕድራችን አባል ነው።

«ክስ ጻፍልኝ። ደጄ ላይ መጥቶ እጁን ነሳኝ። ማዕዴንም ናቀ።»

ይህንኑ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገሩ። እንድሪስን ሊጠሩ ያሰቡ ሁለት ቤቶችም «እንዲህ ያለ ትዕቢተኛ ምን ያደርግልናል?» ብለው ተዉት።

በአራተኛው ቀን ስልክ ጮኸ። ጋሽ ወንድይራድ የእንድሪስን ስም አዩና፣ «ይቅርታ ሊጠይቅ ነው፤ ይጠብቅ!» ብለው ሳያነሱት ቀሩ። እትዬ ጽጌ ከእጃቸው ነጥቀው አነሱት። የእንድሪስ ድምፅ ተዘግቷል።

«እትዬ፣ ተመርምሬ በሽታው ተገኝቶብኛል። እናንተ ዘንድ የመጣሁ ዕለት ምንም አላመመኝም ነበር፤ ወላሂ አላወቅኩም። ለጤና ጣቢያ ስማችሁን ሰጥቻለሁ፣ መጥተው ይመረምሯችኋል። አፉ በሉኝ።»

«ምን አጥፍተህ ልጄ?» አሉ እትዬ ጽጌ። «አንተ ብቻ ተርፈህ ውጣልን።»

እትዬ ጽጌ የሰሙትን ሲነግሯቸው ጋሽ ወንድይራድ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«በዚህ እጄ ነው መድኃኒትሽን የማጎርስሽ» አሉ።



በነጋታው የጤና ባለሙያዋ መጥታ የሁለቱንም ናሙና ወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ አምስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት እትዬ ጽጌ ባሳሉ ቁጥር ጋሽ ወንድይራድ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። ሳሉ ዱሮም የነበረ ሳል ነው፤ ግን አሁን ማን ይለየዋል? በር አልወጡም፣ ለማንም አልደወሉም። ክሱንም ጨርሰው ረሱት።

በአምስተኛው ቀን ባለሙያዋ ደወለች።

«ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ ጋሼ።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

«ነፃ ናችሁ።»

«ጽጌም?»

«እሳቸውም።»

«ለየብቻ በይልኝ እስቲ፣ መጀመሪያ የእሷን።»

«ጋሼ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለብኝ እኮ!» አለች እየሳቀች፤ ግን ለየብቻ ነገረቻቸው። ጋሽ ወንድይራድ ስልኩን አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት። እትዬ ጽጌ ደግሞ «በል እንግዲህ ርቦኛል» አሉ። በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ርቦኛል ያሉት ያኔ ነው። እንድሪስም ከሁለት ሳምንት በላይ በለይቶ ማቆያ ቆይቶ፣ ከስቶ ግን ድኖ ወጣ።

በመስከረም ዕድሩ ሜዳ ላይ፣ ወንበር ከወንበር ሁለት እርምጃ እየተራራቀ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አያ ይመር ናቸው። አቶ ልሳኑ መዝገቡን ገልጠው የከረሙ ጉዳዮችን ማንበብ ጀመሩ።

«የአቶ ወንድይራድ ክስ፣ በእንድሪስ ሰይድ ላይ። ‹ደጄ ላይ መጥቶ እጅ ነሳኝ።›»

 ሜዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳቅ ፈነዳ።

«አከበረኝ ብሎ የሚከስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» አለ አንዱ።

«ጎንበስ ብሎ እጅ ከነሳዎት ምን ጎደለብኝ ነው የሚሉት ጋሼ?» አለች ሌላዋ።

አቶ ልሳኑ መዝገቡን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። በስልክ የሰሙት «እጁን ነሳኝ» ነበር፤ ከለከለኝ ማለት ነው። ሲጽፉ ግን «እጁን» የሚለው «እጅ» ሆኖ ቀርቷል። ፊታቸው ቀልቶ ብዕራቸውን መዘዙ።

«ይቅርታ አቶ ወንድይራድ፣ የእኔ ስሕተት ነው። አሁኑኑ አርመዋለሁ።»

«እንዳትነካው!» አሉ ጋሽ ወንድይራድ ብድግ ብለው። «አንተ በትክክል ጽፈሃል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ከሜዳው ዳር ወደቆመው ወደ እንድሪስ ዞሩ። «ይህ ሰው ያን ዕለት ቢጨብጠኝ፣ አብሮኝ ቢጎርስ ኖሮ፣ ዛሬ ይህ ዕድር የጽጌን ድንኳን ይተክል ነበር። በእኔ ወሬ ሥራ የከለከላችሁት ካላችሁ ጥሩት። ቆርቆሮ መምታትም ያውቃል።»

እንድሪስ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ሳቁም ቆመ። አያ ይመር መዝገቡ እንዲዘጋ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛ ቤቱ ገብቶ አልጨብጥም ሲለው የተናቀ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ከመቀየሙ በፊት ለራሱ እንዲህ ይበል ብለው ሲያበቁ፣ በዝግታ፣ ሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ፦ «እጁን የነሳኝ፣ እጅ ነሳኝ።»