በስሙ የሚጠራ ውሻ

አንድ የኢንተርኔት ደንበኛ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት መስመሩን ቆርጦበት ወደ ቀድሞ መምህሩ መጣ። ከኮምፒውተሩ የወጣ ቫይረስ በኢሜይል ለወዳጆቹ ሁሉ ተዳርሶ የብዙዎቹን ፋይል አጥፍቶ ነበር። «ቫይረሱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ታዲያ ምን አድርጌ ነው የምጠየቀው?» አላቸው።

ሽማግሌው መምህር እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንድ ገበሬ ነበረ። መከታ የሚባል ውሻ ነበረው። መከታ በቆሎውን ከዝንጀሮ ይጠብቅለታል፤ ከመንደሩ ልጆች ጋርም ይጫወታል። አንድ ቀን ከማዶ የመጣ ያበደ ውሻ ነከሰው። ያዩት ሰዎች ገበሬውን፣ «እሰረው፤ ለእንስሳት ሐኪሙም አሳየው» አሉት።

ገበሬው አሰረው። ሁለት ቀን ሳይሞላ ዝንጀሮዎች ገብተው በቆሎውን አረገፉት። ሐኪሙ ያለበት ከተማ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ውሻው እንደሆነ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጭራውን ይቆላል። ገበሬው «ይሄ ምን ሆነና!» ብሎ ፈታው። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አይቶት፣ «ወንድሜ፣ ፈታኸው እንዴ?» ቢለው፣ «የራሴን ውሻ አላውቀውም?» ብሎ መለሰለት።

በሦስተኛው ሳምንት መከታ ከቤት ጠፋ። በየደጁ እየዞረ ውሾችን ነከሰ፣ አንዲት ጊደርም ነከሰ። ከዚያ ወደ ጎረቤትየው ደጅ መጣ። የጎረቤትየው ልጅ የሻረግ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቂጣ እየበላች ነበርና፣ «መከታ፣ ና!» ብላ ቆርሳ ዘረጋችለት። እጇን ነከሳት። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ቶሎ ደረቀ። ከወር በኋላ ግን ውሃ ሲያቀርቡላት ትጮህ ጀመር። በአራተኛው ቀን ቀበሯት።

ገበሬው ለቅሶ ሄደ። ሰው ሁሉ ሲያየው መቀመጥ አቃተው። ተነሥቶ፣ «ውሻዬን ያሳበደው የሌላ ሰው ውሻ ነው። እኔ ክፉ አላሰብኩም፤ እኔም ተጎድቻለሁ» አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር።

የልጅቱ አባት ድምፁን ሳያነሣ መለሰለት። «አዎ፣ አንተ አላሳበድከውም። የማናውቀው ውሻ ቢሆን ኖሮ ግን ልጄ ትሸሽ ነበር። ያንተ ስለሆነ ነው በስሙ የጠራችው።»

ገበሬው ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳብ አድርጎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከዚያ አባት ጋር ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

መምህሩ ይህን ነግረው ወደ እንግዳቸው ዞሩ።

«አንተም ቫይረሱን አልሠራህም፤ ማንም ሠራህ አላለህም። የድርጅቱ ሰዎች ኮምፒውተርህን አስመርምር ሲሉህ ግን፣ ራስህ እንደነገርከኝ፣ ሥራዬን ያስፈታኛል ብለህ ተውከው። ወዳጆችህ ከማያውቁት ሰው የመጣ ደብዳቤ ቢሆን አይከፍቱትም ነበር። የከፈቱት ያንተን ስም አይተው ነው። የምትጠየቀውም በስምህ ነው። አሁን ተነሥና ለእያንዳንዳቸው ደውል፤ ገና ያልከፈቱት ይኖራሉ።»