ሦስት ጉልበትና አንድ ጠርሙስ

በአንድ ወቅት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ በዋለ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉራጌ አገር ባለ አንድ ሆስፒታል ሦስት የአንድ መንደር ሴቶች ተራ በተራ ተኝተው የአጥንት መድኃኒት በክንዳቸው ገባላቸው። ወይም መድኃኒት ይሆናል ብለው ተስፋ አደረጉ።

ሦስቱም እንሰት ፋቂዎች ናቸው። እንሰት የሚፋቀው መሬት ተቀምጦ፣ አንድ እግር አጥፎ፣ የሚፋቀውን በተረከዝ ከመፋቂያው ሳንቃ ጋር አጣብቆ ነው። ብዙ ዓመት እንዲህ የሠራ ጉልበት ይሸረሸራል።

ሐኪሙ ዶክተር ባህሩ ነገሩን አልሸፋፈኑም። መድኃኒቱ የሚሠራው በመገጣጠሚያው ልስልስ ሽፋን ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው የተጎዳ አጥንት ላይ ነው፤ ሕመሙን ማስታገሱ ገና እየተጠና ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ጠርሙስ መድኃኒት፣ አንዳንዱ የጨው ውኃ ብቻ ይዟል። የትኛው የቱ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ጠርሙሶቹ ቁጥር አላቸው፤ የሚሰጡትም ሴቶቹ በሚገቡበት ተራ ነው። ምስጢሩ ዓመት ሲሞላ ይከፈታል። ሴቶቹ ተስማሙ።

ቀድማ የደረሰችው ትርፌ ነበረች። እያነከሰች መጥታ በሩ ሥር ያለውን ወንበር ያዘች። ሸምሲያ ተከተለች። ወይዘሮ አስካለ በዱላ ተደግፈው ሲደርሱ ትርፌ ብድግ አለች።

«ኖር፣ እማማ። እዚህ ይቀመጡ፤ በእኔ ተራ ይግቡ።»

«በእግዜር፣ ልጄ።»

«ለእኔስ ማን ይነሣልኝ?» አለች ሸምሲያ። «ጉልበቴ እኮ ከእማማ ያረጀ ነው።»

ሳቁ። አስካለ አንደኛ ገቡ፣ ሸምሲያ በተራዋ ሁለተኛ፣ ትርፌ መጨረሻ።

ዓመቱ ሲዞር አስካለ ዱላቸውን ጥለው በመስቀል ጨፈሩ። የትርፌ ጉልበት ማበጡን አልተወም። ሸምሲያ ባሰባት፤ መስገድ አቅቷት ሶላቷን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታደርሳለች።

ምስጢሩ ተከፈተ። የመጀመሪያው፣ ለአስካለ የተሰጠው ጠርሙስ መድኃኒት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ውኃ ነበሩ። ለሆስፒታሉ መድኃኒት ያለበት አንድ ጠርሙስ ተርፎታል፤ በወሩ መጨረሻ ጊዜው ያልፍበታል። ዶክተሩ ለማን እንደሚሰጥ ሦስታችሁ ተስማምታችሁ ንገሩኝ አሉ።

መስማማት ግን አልተቻለም፤ ነገሩ ወደ መንደሩ ሽማግሌዎች ሄደ። ትርፌ ለሽማግሌዎቹ ስታስረዳ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቀድማ መጥታለች፤ ያ ጠርሙስ የእርሷ ነበር። «እኔ የለቀቅሁት ወንበር ነው። መድኃኒት መሆኑን ባውቅ እለቅ እንደሆነ አላውቅም» አለች፤ ይህን በመናገሯ ግን አፈረች።

አስካለ፣ ማንንም ተነሺልኝ እንዳላሉ አስታወሱ። መድኃኒቱ የሠራው በእሳቸው ላይ ነው፤ የሚሰጠውም በየዓመቱ ነው። «አሁን ቢቋረጥብኝ ወደ ዱላዬ ልመለስ?»

ሸምሲያ ተራዋን ለማንም አልሰጠችም፣ የማንንም አልወሰደችም። «እናንተ በወንበር ተከራከሩ፤ እኔ ጉልበት ነው የማሳያችሁ» ብላ እብጠቱን አሳየቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ለአንዷ መፍረድ አቃታቸው። ሴቶቹ ሳይስማሙ ወደ ዶክተሩ ተመለሱ። ዶክተሩም እስከዚያ ቀን ያልጠየቁትን ጠየቁ፤ በዓመቱ ውስጥ ምን ያህል ፋቃችሁ?

ትርፌ በየቀኑ እስከ ምሳ አለች። ሸምሲያም እንዲሁ። አስካለ በአገጫቸው ወደ ሁለቱ ጠቆሙ።

ያኔ ነው ትርፌ ያስታወሰችው። በዚያ ማክሰኞ ነርሷ፣ ጉልበታችሁን ጥቂት ቀን አሳርፉ ብላ ነበር። እርሷና ሸምሲያ ማረፍ አልቻሉም፤ እማማ ግን ይረፉ ብለው የእሳቸውን እንሰት ደርበው መፋቅ ጀመሩ። ጥቂቱ ቀን ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት። አስካለ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ እንሰት አልፋቁም። ሦስት ሴቶች የሚፍቁትን ሲፍቁ የከረሙት ሁለት ጉልበቶች ነበሩ።

ዶክተር ባህሩ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እማማን ያዳናቸው ይሄ ይሁን እረፍቱ፣ አሁንማ እኔም አላውቅም» አሉ።

የመድኃኒቱ ጊዜ የሚያልፈው ቅዳሜ ነው። እናንተ ብትሆኑ ጠርሙሱን ለማን ትሰጡታላችሁ? እረፍቱንስ ለማን?