ሦስት ደጅ ላይ ድንጋይ ያስቀመጠችው ሽኮኮ

ተረት አለኝ። «ይምጣ!» በሉኝ እንጂ። እሺ፣ መጣ።

ድሮ፣ እንስሳት ትምህርት በሚወዱበት ዘመን፣ አንዲት ሽኮኮ ነበረች። የገደሉን ትምህርት ሁሉ ጨርሳለች። እናቷን ግን ሳል ይዟታል፤ በገደሉ ደግሞ አንድም መድኃኒት አዋቂ የለም።

«ልጄ፣ ከፍ ያለውን ትምህርት ተምረሽ ነይና አድኚኝ» አለቻት እናቷ።

ሽኮኮ ሦስት መምህራን ዘንድ ሄዳ ተፈተነች። ሦስቱም «ተቀብለንሻል» አሏት። የዚያ አገር ልማድ እንዲህ ነው፤ ተማሪ ጓዙን ይዞ እስኪመጣ ድረስ በመምህሩ ደጅ ድንጋይ አስቀምጦ ቦታ ይይዛል። ድንጋይ ያለበትን ቦታ ማንም አይነካም። ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲጥል ግን ደጁ ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ብልጧ ሽኮኮ ምን አደረገች? ሦስቱም ደጅ ላይ ድንጋይ አስቀመጠች!

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የለም። ወደ የኔታ ጉጉት ሮጠች። የኔታ ጉጉት በአገሩ ሁሉ ስማቸው የገነነ ነው፤ ግን ተማሪ ሲጠይቃቸው አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው መልሰው ይጨፍናሉ።

«መጣሽ?» አላት ድንጋዩ።

«ትንሽ ላስብበት!» ብላ ሮጠች።

ወደ እመት ንብ ሄደች። እመት ንብ ተማሪዎቻቸውን ማር ያበላሉ፤ ግን ቀኑን ሙሉ የራሳቸውን ቀፎ ያሠሯቸዋል።

«መጣሽ?» አላት ድንጋዩ።

«ማሩስ ጥሩ ነበር… ትንሽ ላስብበት!» ብላ ሮጠች።

ወደ አባ ጃርት ሄደች። አባ ጃርት ስምም የላቸው፣ ማርም የላቸው። ግን ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር ቁጭ ብለው ሥር እየማሱ ያሳያሉ። የሳል መድኃኒትም ያለው እሳቸው ጋ ነው። ከድንጋዩ አጠገብ አንዲት ሚዳቋ ቆማለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ሽኮኮ።

«ቦታ ከተገኘ ብዬ ነው፣ እቴ። አባ ጃርት ‹ሞልቷል፤ የቀረ ካለ እጠራሻለሁ› ብለውኛል።»

ድንጋዩም «ሽኮኮ፣ ወይ ግቢ፣ ወይ አንሺኝ። ይቺ ልጅ ቆማ ማለቋ ነው» አላት።

«አንተን ምን ቸገረህ? ድንጋይ አይደለህ!» ብላ ሮጠች።

ቁራ «ዋናው ስም ነው» ሲላት ወደ ጉጉት፣ ዝንጀሮ «ዋናው ሆድ ነው» ሲላት ወደ ንብ ትሮጣለች። ስትተኛ ትባንናለች፤ ስትበላ ተነሥታ ትሮጣለች። እናቷ ትስላለች።

አንድ ቀን የእናቷ ሳል ባሰ። ሽኮኮ ደነገጠች። «በቃ! አባ ጃርት ጋ ነው የምገባው!» አለች። ተመስገን፣ ወሰነች ስንል፣ «እግረ መንገዴን ግን የኔታ ጉጉትን አንዴ ልያቸው። ማሩንም እንዲሁ አንዴ ልይ» አትልም መሰላችሁ?

እሷ ስታይ ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ሲያጓራ፣ ረጥባ፣ እያለከለከች አባ ጃርት ደጅ ደረሰች። ደጁ ተዘግቷል። ድንጋዩን ብቻውን ዝናብ ይመታዋል።

«ቦታዬስ?»

«አባ ጃርት ወጥተው ‹ሽኮኮ የታለች?› አሉኝ። ‹አልመጣችም› አልኳቸው። ሚዳቋን አስገቧት።»

«ቦታዬን ጠብቅ ብዬህ አልነበር?»

«ቦታውንማ ጠበቅሁ። አንቺን ከየት አምጥቼ ላስገባ?»

ክረምቱ ወጣ። ሚዳቋ መድኃኒቱን ተምራ በየገደሉ እየዞረች ታክም ጀመር። የሽኮኮን እናት ሥር አጠጥታ አዳነቻት።

እናትየውም ሚዳቋን ስማ፣ «ተባረኪ፣ ልጄ። የኔም ልጅ እኮ ጎበዝ ናት። ሦስት ቦታ ተቀብለዋታል!» አለቻት።

ሽኮኮ ከቋጥኙ ኋላ ሆና ይህን ሰማች። ከዕፍረቷ የተነሣ እናቷ ፊት መቅረብ አቃታት፤ አለቀሰች።

ዛሬም ሽኮኮ ድንጋይ ላይ ወጥታ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስታይ ታገኟታላችሁ። ሦስቱን ደጆች እያየች ነው።

ተረቴ አለቀ። ድንጋይ ቦታ ይይዛል እንጂ አይማርም። የትም ያስቀመጣችሁት ድንጋይ ካለ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ አንሱት፤ አጠገቡ የቆመ አለ።